ከሃልደን የወጣህ ዕለት

ጀሉቶንግ፣ ፔናንግ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1997

ለወንድሜ ለቦን ሴንግ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የአባባ መንፈስ ይጠብቅህ እላለሁ፤ እኔማ አሁን ባገኝህ የምጠብቅህ ሳይሆን የማንቅህ ነኝ።

ቅዳሜ የፋብሪካችን የሃልደን የዓመት መጨረሻ ግብዣ ነበር። ዘንድሮ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ፔሬራ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። «የመሐንዲሱ እህት» ብለው። አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሽሪምፑን ገና አፌ ውስጥ ሳስገባ ፔሬራ ዘወር አለና፣

«ኪም፣ ወንድምሽ እኮ ሃልደንን ለቀቀ። ምን ብናስቀይመው ነው?» አለኝ።

ጠረጴዛው በሙሉ አፈጠጠብኝ። ሽሪምፑን ልዋጠው ወይስ ልትፋው? «አዎ፣ ነግሮኛል» አልኩ። ዋሸሁልህ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደበላሁ አላውቅም። «አማካሪ ሆኗል አሉ» ሲል ደግሞ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ሳቁን በሶፍት ሸፈነ።

አማካሪ! እዚህ ጀሉቶንግ ሥራ የፈታ ሁሉ አማካሪ ነው። በአንድ ስኒ ቡና ከጠዋት እስከ ማታ ተጎልቶ ለመንግሥቱም፣ ለእግር ኳሱ አሰልጣኝም፣ ለሰው ሚስትም ምክር ይሰጣል። እኛ በነፃ ነው የምናገኘው። አንተ ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርከው?

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሃልደን ገብቼ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ፣ ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ሽቦ ስሰፋ ዓይኔን የጨረስኩት አንተን ለማስተማር እንደሆነ ታውቃለህ። ዛሬ ያለ መነጽር የአውቶቡስ ቁጥር አይታየኝም። አንተ እዚያ ትነድፋለህ፣ እኔ እዚህ እመረምራለሁ፤ ዓለም ሁሉ የእኛ የኩ ቤተሰብ የሠራውን ቺፕ ይጠቀማል እያልኩ ለሰው ሁሉ ስኮራ ኖርኩ። አንድ ቃል እንኳ ሳትነግረኝ!

የቻይና አዲስ ዓመታችን ሳይገባ አለቃህ ዘንድ ሂድና ተሳስቻለሁ በለው። ሥራህን ይመልስልህ። በስልክ እንዳትደውልልኝ፤ እኔና አንተ በስልክ መጯጯህ እንጂ መነጋገር አልፈጠረብንም።

ታላቅ እህትህ ስዊ ኪም

---

ሳን ሆዜ
ፌብሯሪ 16 ቀን 1997

ለእትዬ፣

እንኳን ለበሬው ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ጉልበትሽን ይማርልኝ። የላክሽው የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ደርሶኛል፤ ተቆጥተሽም ላክሽልኝ፣ ተባረኪ።

ከፔሬራ አፍ መስማትሽ ጥፋቴ ነው። ቀድሜ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር። የቀረውን ግን አልቀበልም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ተሳስቻለሁ አልልም፤ ስላልተሳሳትኩ።

ስለ አዲሱ ሥራዬ ልንገርሽ፤ ቡና ቤት የሚያስጎልት ምክር አይደለም። ባለቤቷ ኖርማ ትባላለች። ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ እንደ መኪና ሠራተኛ ትሳደባለች፣ ሴት መሐንዲስ በማይታይበት ዘመን በትልልቆቹ ኩባንያዎች የሠራች ናት። ቢሯችን ከጎማ ቤት በላይ ነው፤ ሙሉ ቀን የጎማ ሽታ እናሸታለን። ሰዎች የራሳቸው መሐንዲስ ሳይኖራቸው አንድ ነገር መሥራት ሲፈልጉ ወደ እኛ ይመጣሉ። ባለፈው ወር የላም ማለቢያ መሣሪያ የሚሠራ ሰው መጣ፤ መቆጣጠሪያውን እኛ ነደፍንለት። ሃልደን እያለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንድ ቺፕ አንድ ጥግ ነው የሠራሁት። እዚህ የነደፍኩት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በአንድ ወር ውስጥ መብራቱ በርቶ አየሁት። ላሞቹንም አየኋቸው።

ለምን እንደወጣሁ አትጠይቂኝ። ትልቅ ቤት ሰልችቶት ነው በያቸው። አንድ ነገር ብቻ፤ ስለ አዲሱ ቺፕ ሰው ቢጠይቅሽ «የተሰጠኝን ነው የምመረምረው» በይና ዝም በይ።

አክባሪ ወንድምሽ ቦን ሴንግ

---

ጀሉቶንግ
ማርች 28 ቀን 1997

ለቦን ሴንግ፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ።

ያ አንተ የሠራኸው ቺፕ ተመልሶ መጣ። በሳጥን በሳጥን። የገዙት ሰዎች ማሽናቸው ውስጥ ካስገቡት በኋላ ጥቂት ወር ሠርቶ ድርግም ይላል አሉ። ከአሜሪካ ሦስት ሰዎች መጥተው በክፍላችን መስተዋት በኩል በእኔ ሥር የሚሠሩትን ልጆቼን ሲያዩ ሰነበቱ። እንደ አራዊት ማቆያ እንስሳ። ከዚያ ፔሬራ ሰብስቦን፣ «ጥፋቱ የእጅ ነው» አለ። ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ሳያስሩ ቺፑን ነክተውታል፣ የሰውነታቸው ኤሌክትሪክ ውስጡን አቃጥሎታል ነው የሚሉት።

አሥራ አንድ ሴቶች ተባረሩ። ሁሉም ከእኔ ክፍል። ዛለሃን ታስታውሳታለህ? አባባ የሞተ ጊዜ በዚያ ዝናብ ከባሊክ ፑላው ድረስ በሞተር ሳይክል የመጣችው። እሷም ተባረረች። ያን ሽቦ ሳታስር? እኔ እኮ ዛለሃ ቤቷ ሩዝ ስታጥብም የምታስረው ነው የሚመስለኝ።

ፔሬራ ደግሞ ቢሮው ጠርቶኝ፣ «ኪም፣ አንቺን ማንም አልነካሽም። ደጋግሜ አስጠንቅቄያቸው ነበር፣ አልሰማ አሉኝ ብለሽ ተናገሪ፤ በቃ፣ ነገሩ ይዘጋል» አለኝ። አስብበታለሁ ብዬው ወጣሁ።

አሁን ስማኝ። የቺፑን የኃይል ክፍል የነደፍከው አንተ ነህ። እጅ እንዲህ ያደርጋል ወይ? ያደርጋል ወይም አያደርግም በለኝ። የራሳችንን ጠብ በኋላ እንመጣበታለን።

ስዊ ኪም

---

ጀሉቶንግ
ሜይ 19 ቀን 1997

ቦን ሴንግ፣

ገንዘብህ ደረሰኝ። ጥያቄ ጠየቅኩህ፣ ገንዘብ ላክህ። ባንኩ ይመልስልሃል። ዳግመኛ እንዳትልክ።

እሑድ ዛለሃ ቤቴ መጣች። ከሃልደን የተባረረችን ሌላው ፋብሪካም አይቀጥርም፤ ስሟ ከእሷ ቀድሞ እየደረሰ። አማቷ ሰፈር ውስጥ «የእኛ ሙሽራ የአሜሪካ ሚሊዮን አቃጠለች» እያለች ትስቅባታለች። ገብታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሻይ ባቀርብላት አልነካችም። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸውና፣

«እትዬ ኪም፣ እውነቱን ንገሪኝ። የእኔ እጅ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ያንቺ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩ። አየችኝ። አላመነችኝም። «ሌሊት እነሳና ያን ቀን አስሬው ነበር ወይስ አላሰርኩትም እያልኩ አስባለሁ። አሁንማ ለራሴም እየጠፋኝ ነው» አለች። አሥራ ስድስት ዓመት አንድም ስህተት ሳይገኝባት የሠራች ሴት በገዛ እጇ እምነት እንድታጣ አደረጓት!

ከሄደች በኋላ የፌብሯሪውን ደብዳቤህን አወጣሁ። «ስለ አዲሱ ቺፕ ሰው ቢጠይቅሽ የተሰጠኝን ነው የምመረምረው በይና ዝም በይ።» ፌብሯሪ ላይ! ቺፑ ገና ፔናንግ ሳይመለስ! አንተ ምን ታውቃለህ?

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያንተ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ እዚህ ድረስ ይሸታል።

ስ. ኪም

---

ሳን ሆዜ
ጁን 14 ቀን 1997

እትዬ፣

የምትናደጂው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔ ከዲሴምበር ጀምሮ እየተቃጠልኩ ነው። በደህናው ቀን እንኳ የቢሮውን በር በኃይል ሳልዘጋው አልገባም፤ ኖርማ «የበሩን ዋጋ ክፈልና ከዚያ ስበረው» ትለኛለች።

እሺ፣ እንደጠየቅሽኝ። እጅ እንዲህ አያደርግም። የዛለሃ እጅ አይደለም፤ የማንም ሴት እጅ አይደለም። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቺፑ ውስጥ አንድ ቦታ ከልክ በላይ ይግላል። ለቅጽበት ነው፤ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይበላዋል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። ይህን ገና ሳይወጣ ነግሬያቸዋለሁ። ስድስት ወር ስጡኝ ላስተካክለው ብያለሁ። አለቃዬ ዶልተን፣ «ተወዳዳሪዎቻችን ስድስት ወር አይጠብቁንም» አለና ወደ ሽያጭ ሰደደው።

ዲሴምበር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሲሞቱ ስብሰባ ጠራን። ስምንት ሆነን ተቀምጠናል። ዶልተን፣ «ዲዛይኑ ነው ካልን ገዢዎቹ ሁሉ ይሸሻሉ። ፔናንግ ነው እንበል። የአያያዝ ጉድለት። ቦን፣ የኃይሉ ክፍል ያንተ ስለሆነ ለገዢዎቹ አንተ ታስረዳለህ» አለኝ።

«እህቴ እኮ ፔናንግ ናት» አልኩ።

ሳቀ። «እንግዲያው ነገሩ ይገባታል» አለ።

ወንበሬን ገፍቼ ወጣሁ። በማግስቱ መታወቂያዬን መለስኩ። የሚወጣ ሰው ሁሉ የውስጥ ነገር አላወጣም ብሎ ይፈርማል፤ እኔም ፈረምኩ፤ ሳይፈረም አያስወጡም። አሁን ይህን ለአንቺ በመጻፌ ብቻ ፍርድ ቤት ሊያቆሙኝ ይችላሉ። ደብዳቤውን አንብበሽ ቅደጂው።

ውሸቱን በአፌ አልናገርም ብዬ ነው እንጀራዬን የጣልኩት፣ እትዬ። ከዚህ በላይ ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?

ቦን ሴንግ

---

ጀሉቶንግ
ጁላይ 2 ቀን 1997

አንተ፣

አልቀደድኩትም።

ምን እንድታደርግ እንደምፈልግ ጠየቅክ፤ እነግርሃለሁ። በመጀመሪያ ግን ልሳደብ፤ ካልተሳደብኩ እጄ መጻፍ አይችልም።

አንተ ፈሪ! እጅህን ታጥበህ ወጣህ። ንጹህ ሆንክ። ላም ልታይ ሄድክ! እሳቱ እኛ ላይ እንደሚወድቅ ከዲሴምበር ጀምሮ ታውቃለህ፤ እኛ ጃንዋሪን ሠራን፣ ፌብሯሪን ሠራን፣ አዲስ ዓመትን አከበርን፤ አንተ ብርቱካን ልጣጭ ደረሰኝ እያልክ ትጽፍልኛለህ! አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ኖሮ ልጆቼን አዘጋጃቸው ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩን እጠራ ነበር። እነዚያ ሦስት ሰዎች በመስተዋቱ ሲያዩን እኔም አፍጥጬ አያቸው ነበር። «ዝም በይ» አልከኝ! ለእኔ ነው ያሰብከው፣ አይደል? ስዊ ኪም ወንበሯ ላይ እንድትቆይ። እኔን በማዳንህ የማመሰግንህ መስሎህ ነው?

ውሸቱን አልተናገርክም፤ እሺ። እውነቱንስ ማን ይናገርልህ? የማለቢያው ላሞች?

አሁን ሥራዬን ልንገርህ። አስቤበታለሁ ብዬ ፔሬራ ቢሮ ገባሁ። «ልጆቹን አስጠንቅቄያቸው አላውቅም፤ ማስጠንቀቅ አላስፈለጋቸውም። ይህን ነው የምናገረው» አልኩት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከሰኞ ጀምሮ ከምርመራው ክፍል አውጥተው ዕቃ ቤት ከተቱኝ፤ የሥራ ልብስ እያጠፍኩ አድላለሁ። ትናንት የራሴ ልጆች ጓንት ሊወስዱ መጥተው ፊቴን ማየት አፈሩ። እኔ አላፈርኩም። ደህና አድርጌ አጥፌ ሰጠኋቸው።

አሥራ አንዱ ሴቶች ከማኅበሩ ጋር ሆነው ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ክስ አቅርበዋል። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይሰማል። የኩባንያው ጠበቆች ከኳላላምፑር በሙሉ ልብስ ይመጣሉ። በእኛ ወገን ያለው የዛለሃ መሐላ ብቻ ነው። መሐላ ቺፕ አይከፍትም።

የምፈልገው ይኸው ነው። ና። በዚያ ክፍል ውስጥ ቁም። ለእኔ በደብዳቤ የጻፍከውን እዚያ በአፍህ ተናገር። ኦክቶበር ካለፈ በኋላ እንዳትመጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ።

ካልመጣህ አትጻፍልኝ።

ስዊ ኪም

---

ሳን ሆዜ
ሴፕቴምበር 1 ቀን 1997

ለእትዬ፣

ሁለት ወር ዝም ያልኩት ደብዳቤሽን ስለናቅኩ አይደለም። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስቱንም ጣልኳቸው። ሦስቱም ስድብ ነበሩ። ፈሪ ስላልሽኝ። ከሦስተኛው በኋላ ማንን እንደምሳደብ ጠፋኝ።

ለኖርማ ነገርኳት። አንቺ የምትቆጪ ይመስልሽ ነበር! «ብትናገር ይከሱሃል፤ አንተን ሲከሱ እኔን አብረው ይከሱኛል። ከደንበኞቼ ግማሾቹ የሃልደንን ቺፕ የሚገዙ ናቸው። ይህን ቤት ባሌን ፈትቼ፣ መኪናዬን ሸጬ ነው የከፈትኩት፤ ለአንተ ሕሊና ማገዶ ላድርገው?» አለችኝ። እኔም ጮኽኩ። ጎማ ቤቱ ድረስ ተሰማ፤ ሰውዬው ሰው የተጋደለ መስሎት በመፍቻ ብረት ወጣ።

ሳምንት አላነጋገረችኝም። ሥራ ትሰጠኛለች፣ ፊቷን አትሰጠኝም። ከዚያ አንድ ቀን ቦርድ ስበይድ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «ዶልተንን አውቀዋለሁ» አለች። «ወጣት ሳለሁ የእኔ አለቃም እንዲሁ ነበር፤ ስሙ ብቻ ነው ሌላ። ሂድ። ስትመለስ ወንበርህ ይኖራል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። በጠበቃ ፊት ደግሞ እንደ እኔ እንዳትሳደብ።»

ትኬት ቆርጫለሁ። ለጠበቃም ነገርኩ፤ «እኔ ብሆን አልሄድም» አለኝ፤ አመስግኜው ወጣሁ። የፈረምኩትን አውቃለሁ፤ የሚያስከትለውንም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዛለሃን ቀድመሽ አትንገሪያት። ፈርቼ ብቀር ሁለተኛ እንዳትሰበር። ያን ያህል ነው በራሴ የምተማመነው፤ እውነቱን ከፈለግሽ።

ወንድምሽ ቦን ሴንግ

---

ጀሉቶንግ
ዲሴምበር 8 ቀን 1997

ለወንድሜ ለቦን ሴንግ፣

ጤና ላንተ፣ ጤና ለኖርማም። ኩባንያው እንደከሰሰህ የጻፍከው ደርሶኛል። ሁለት ደንበኞች መሄዳቸውንም። ወንበርህ አለመነሳቱ ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ ያቺን ሴት ሳላያት ወደድኳት።

እዚህ በነበርክባቸው ቀናት በየቀኑ መጣላታችን አያሳፍረኝም። ብዙ የተጠራቀመ ነበር። በዚያ ክፍል ስትናገር ግን እጅህን ጠረጴዛው ሥር ደብቀህ ነበር፤ ከጎን አይቻለሁ። የኩባንያው ጠበቃ «ቂም ይዘህ ነው» ሲልህ፣ «አዎ፣ ቂም ይዣለሁ፤ ቂሜ ቺፑን አያቀዘቅዘውም» ስትለው ዛለሃ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። በልዞ ሰንብቷል።

ፍርዱ ሳይሰጥ ኩባንያው እንታረቅ ብሎ መጣ። ካሳ እንሰጣለን፣ ወደ ሥራቸውም እንመልሳለን፣ ነገሩ በዝምታ ይዘጋ አሉ። ማኅበሩ ሊቀበል ነበር። ዛለሃ ተነሳችና፣ «ስንባረር በሰው ፊት ነው። ጥፋት የለባችሁም የሚለውንም በሰው ፊት ይበሉት፤ አለዚያ እኔ አልፈርምም» አለች። አሥሩም እኛም አንፈርምም አሉ። ጠበቆቹ ሲመላለሱ ከርመው እሺ አሉ።

ሐሙስ ሁለቱ ፈረቃዎች በሚገናኙበት ሰዓት ፔሬራ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ወጣ። ዝናብ እያካፋ ነው። የሚገባውም የሚወጣውም ቆመ። እሱ ለገዛ ደረቱ አጉተመተመ።

«አልተሰማም!» አለች ዛለሃ ከኋላ።

«ማይክ የለም» አለ።

«ስታባርረን በየትኛው ማይክ ነበር?»

ሳቁ አካባቢውን ሞላው። ጥበቃው ሳይቀር ሳቀ። ፔሬራ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና አነበበ፤ አሁንም ስማቸው ላይ ሲደርስ አድበሰበሰው። «ስማችንን!» አሉ ሴቶቹ። በሦስተኛው አንድ በአንድ ጠራ። ዛለሃ ስሟ ሲጠራ እንደ ተማሪ «አቤት!» አለች። ከእሷ በኋላ የተጠራችው ሁሉ «አቤት!» አለች። ሁለቱ ያንን ቀን መምጣት አልቻሉም ነበር፤ የእነሱ ስም ሲጠራ በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ፣ እኔም፣ ዕቃ ቤቱም፣ «አቤት!» አልንላቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም።

ሰባቱ ሰኞ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ልጅ አላቸው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ዛለሃ ሄልሜቷን አጠለቀችና፣ «ልሰማ ነው የመጣሁት፣ ልመለስ አይደለም» ብላ ሞተሯን አስነሳች። ፔሬራ ወረቀቱን አጣጥፎ አሁንም እዚያው ቆሟል፤ ጭቃ ረጭታበት ሄደች። ሆን ብላ አይመስለኝም። ወይም ይመስለኛል።

እኔም ወደ ምርመራው ክፍል ተመለስኩ። ጓደኞቼ «አንቺም ልቀቂ እንጂ!» ይሉኛል። አልለቅም። አንተ መልቀቅ አወቅክበት፤ ይሁን። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ፤ ፔሬራ ጠዋት ጠዋት ሲገባ ፊቴን ያያል። ዓይኔ ሩቅ ባያይም እሱን ለማየት ይበቃኛል።

ንዴቴ አልበረደም፤ በረደላት ብለህ እንዳትዘናጋ። ከዲሴምበር እስከ ጁን ዝም ያልክበትን ገና አልጨረስኩትም። ለአዲስ ዓመት ና፤ የቀረውን ፊት ለፊት ልቆጣህ።

እህትህ ስዊ ኪም